ውኃው የያዘው አቧራ እና ያመለጠው አቧራ

እናቶቻችን የአፈር ወለል ቤት ሲጠርጉ መጀመሪያ የሚያነሡት መጥረጊያ አይደለም፤ ውኃ ነው። በጣሳ ውኃ ይዘው ወለሉን በእጃቸው ረጨት ረጨት ያደርጉና በሩን ከፍተው ከዚያ በኋላ ነው የሚጠርጉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደረቅ አቧራ ይነሣል፤ እርጥብ አቧራ ይተኛል። የተነሣውንም ቢሆን በበሩ የሚገባው ነፋስ ይዞት ይወጣል።

ዛሬ በፋብሪካዎች የጭስ ማውጫ ላይ የሚተከለው የአቧራ ማጠቢያ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ስክራበር የሚባለው መሣሪያ፣ ከዚህ የቤት ልማድ ብዙም የራቀ አይደለም። ውኃ ይረጫል፣ አየር በማራገቢያ ይሳባል፣ አቧራው ከውኃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። በዛሬው የጤና አምዳችን የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በሥራ ቦታችን ወይም በጎረቤታችን ያለው እንዲህ ያለ መሣሪያ ሳንባችንን በእርግጥ ይጠብቅልናል ወይ? አጭሩ መልስ፣ በትክክል ከተሠራና በየዕለቱ ከሠራ አዎ፣ ተተክሎ ብቻ ከቆመ ግን አይጠብቅም የሚል ነው። ልዩነቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ረጅሙን መልስ አብረን እንመልከት።

ስለ ልደታ ለምን እናነሣለን?

ልደታ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ እምብርት ያለ፣ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት አካባቢ ነው። ትልልቅ የሲሚንቶ ወይም የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች በብዛት ያሉበት ባይሆንም የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የድንጋይና የሴራሚክ መቁረጫ ከመኖሪያ ቤት ጋር አጥር ተጋርተው የሚኖሩበት ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው በምትካቸው ኮንዶሚኒየምና ረጃጅም ሕንፃዎች ተነሥተዋል። ማፍረስም መገንባትም አቧራ አለው።

ከዚህም ባሻገር ነፋስ የክፍለ ከተማ ወሰን አያውቅም። ልደታ በምዕራብ ከኮልፌ ቀራኒዮ፣ በደቡብ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ይዋሰናል። በዚያው አቅጣጫ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፣ የረጲ ደረቅ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚቀይር ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ጣቢያው በቀን እስከ 1 ሺህ 400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተገነባ ሲሆን፣ የሚለቀው ጭስ የአውሮፓን የልቀት ደረጃ እንዲያሟላ ሆኖ መነደፉ በወቅቱ ተገልጿል። ቆሻሻን በሜዳ ላይ ከመቆለልና እየጨሰ ከመተው በማጣሪያ ባለው ምድጃ ማቃጠል የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ማንኛውም እንዲህ ያለ ተቋም ለጎረቤቱ ጤና ያለው ዋጋ የሚለካው በዲዛይኑ ብቻ አይደለም። ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ማጣሪያው እየሠራ ነው ወይ የሚለውም ጥያቄ መመለስ አለበት።

የከተማዋ አየር ከወዲሁ የከበደ መሆኑንም እናስታውስ። ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በአዲስ አበባ መሀል ከተማ በተደረገ ልኬት፣ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሰው ረቂቅ ብናኝ በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ 53.8 ማይክሮ ግራም ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሻሻለው መመሪያ ዓመታዊ አማካዩ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በእርግጥ ይህ ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። የተሽከርካሪ ጭስ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የመንገድ አቧራ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ጽዋው ሊሞላ ሲቃረብ እያንዳንዱ ጠብታ ዋጋ አለው። በአንድ የጭስ ማውጫ ላይ የሚቀር አቧራ ከሳንባችን ላይ የሚቀነስ ሸክም ነው።

አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም

ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ከአየሩ ጋር የሚገባው አቧራ የት እንደሚደርስ የሚወስነው መጠኑ ነው። አንዲት የራስ ፀጉር በአማካይ ከ50 እስከ 70 ማይክሮ ሜትር ያህል ውፍረት አላት። ከ10 ማይክሮ ሜትር የሚበልጠውን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይዘው ያስቀሩታል፤ እናስነጥሳለን፣ አክታ እንተፋለን፣ ይወጣል። ከ10 በታች የሆነው ወደ አየር ቧንቧ ይወርዳል። ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚህም እጅግ የረቀቀው ወደ ደም ሥር ሊገባ ይችላል።

ልብ በሉ፤ በዓይናችን የምናየውና የምንማረርበት፣ መስኮት ላይና የታጠበ ልብስ ላይ የሚያርፈው አቧራ ከባዱ ነው። ያስቸግራል፣ ያቆሽሻል፤ የበለጠ የሚጎዳው ግን የማናየው ነው። ከሳንባ በሽታ በተጨማሪ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የሚያጋልጠውም እርሱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2006 ዓ.ም. የተበከለ የውጭ አየርንና በውስጡ ያለውን ብናኝ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

የአቧራው ምንነትም ይወስናል። ግራናይት፣ ሴራሚክና ኮንክሪት ሲቆረጡ የሚወጣው አቧራ ሲሊካ የተባለ ማዕድን አለበት። ሲሊካ ሳንባን ያጠባስላል፤ ጠባሳው አይድንም። ከዚህም የከፋው፣ ሲሊካ የተጎዳውን ሳንባ ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጠዋል። የሳንባ ነቀርሳ እስካሁን ላልጠፋባት አገራችን ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። የዱቄት አቧራ ደግሞ በወፍጮና በዳቦ ቤት ሠራተኞች ላይ አስም ያስከትላል። የእንጨት ብናኝም እንዲሁ አስም ያመጣል።

ውኃና ማራገቢያ እንዴት ይተጋገዛሉ?

በክፍለ ሀገር መንገድ ረጅም ጉዞ የሄደ መኪና የፊት መስታወቱን ተመልከቱ። ከባድ ከባዱ ነፍሳት ተጋጭቶ ተለጥፎበታል። ቀላል ላባ ግን ከነፋሱ ጋር ተጠምዝዞ መስታወቱን ሳይነካ ያልፋል። በአቧራ ማጠቢያ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። የውኃው ጠብታ መስታወቱን ይመስላል። ከባድ ብናኝ ከጠብታው ጋር ተጋጭቶ ይያዛል፤ ረቂቁ ደግሞ ከአየሩ ጋር ጠብታውን ዞሮ ያመልጣል።

በመሆኑም ቀላሉ ዓይነት፣ ማለትም ጭሱ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ ውኃ የሚረጭበት ማማ፣ ከባዱን አቧራ በሚገባ ይይዛል፤ መጠኑ ከጥቂት ማይክሮ ሜትር ሲያንስ ግን አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። ውኃውን በጣም አድቅቆ መርጨትም መፍትሔ አይሆንም፤ እጅግ የደቀቀ ጠብታ ራሱ ከአየሩ ጋር ይነዳል፣ ወይም በሙቀቱ ይተናል።

ረቂቁን አቧራ ለመያዝ አየሩና ውኃው በኃይል መጋጨት አለባቸው። ይህ ሥራ በማራገቢያው ላይ የሚወድቅ ነው። በአንደኛው ዘዴ ጭሱ በጠባብ አንገት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የውኃ ጎማ አፉን በአውራ ጣት ስንደፍነው ውኃው እንደሚፈጥነው ሁሉ፣ በዚያ አንገት ውስጥ አየሩ በሴኮንድ ከ60 እስከ 120 ሜትር ይሮጣል። ይህ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የተመታው ውኃ ይበታተናል፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የሚያክለው ብናኝ እንኳ አብዛኛው ይያዛል። በሌላው ዘዴ ውኃው ወደ ማራገቢያው አፍ ይረጭና የሚሽከረከሩት ምላሶች ውኃውንና አቧራውን አጋጭተው ወደ ዳር ግድግዳ ይወረውሩታል። ሁለቱም ዘዴዎች ይሠራሉ፤ ሁለቱም ግን ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይበላሉ። ረቂቁን አቧራ መያዝ ዋጋ አለው። ቆጣቢ ባለቤት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

የማራገቢያው ቦታም ለጤና ልዩነት ያመጣል። ማራገቢያው ከማጠቢያው በኋላ ተቀምጦ ጭሱን ሲስብ፣ ቧንቧው ቢሸነቆር እንኳ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አቧራ ወደ ውጭ አይወጣም። ከፊት ሆኖ ሲገፋ ግን በእያንዳንዱ ሽንቁር አቧራው በሠራተኛው ፊት ላይ ይነፍሳል። እንዲሁም ማራገቢያ ብቻውን አቧራን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያስቀርም። በግድግዳ ላይ ማራገቢያ ገጥሞ አቧራውን ወደ መንገድ የሚነፋ ሥራ ቤት የራሱን ችግር ለጎረቤቱ አስተላልፏል እንጂ አልፈታውም።

ነጭ ጭስ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ብዙዎቻችን የጭስን ክፋት በቀለሙ እንለካለን። ጥቁር ከሆነ እንደነግጣለን፤ ነጭ ከሆነ እፎይ እንላለን። ውኃ ከሚረጭበት ማጠቢያ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የውኃ እንፋሎት ነው። ንጹሑንም ቆሻሻውንም ያው ነጭ ያደርገዋል። ታዲያ እንዴት እንለየው? እንፋሎት ከጭስ ማውጫው ጥቂት ርቆ በአየሩ ውስጥ ይጠፋል፤ በተለይ በፀሐያማና ደረቅ ቀን ቶሎ ይሟሟል። እንፋሎቱ ከጠፋም በኋላ የሚቀር፣ ረጅም መንገድ ተስቦ የሚሄድ ግራጫ ወይም ሰማያዊ የመሰለ ጅራት ካለ ያ አቧራ ወይም ሌላ በካይ ነገር ነው። ጣሪያና መኪና ላይ የደረቀ የጭቃ ነጠብጣብ መታየትም ምልክት ነው፤ ጠብታዎቹን መያዝ የሚገባው ክፍል አቧራ ያዘለውን ውኃ እያሳለፈው ነው ማለት ነው።

ማጠቢያው ሥራውን የሚያቆምባቸው መንገዶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። አንደኛው፣ የውኃ መርጫዎቹ ቀዳዳ በአቧራና በውኃው ጨው ይደፈናል። ውኃው እንደ ጉም መርጨቱ ቀርቶ በአንድ መስመር ይፈሳል፤ አቧራው በጎን ያልፋል። ሁለተኛው፣ ያው የቆሸሸ ውኃ ሳይጣራ ደግሞ ደጋግሞ ይረጫል። ሦስተኛው፣ የማራገቢያው ምላሶች ላይ ጭቃ ይጋገራል፤ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል፣ የሚስበው አየር ይቀንሳል። አራተኛው ለሁላችንም ቅርብ የሆነው ነው፤ መብራት ይጠፋል። ፓምፑና ማራገቢያው ሲቆሙ በምድጃው ውስጥ ያለው እሳት ግን ወዲያው አይጠፋም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ፓምፑ ቢሠራም የሚረጨው ውኃ ላይኖር ይችላል።

እነዚህ ሁሉ መከላከያ አላቸው። የመርጫዎቹ ጽዳት በቀጠሮ ይደረጋል፤ የውኃው ግፊትና መጠን በየፈረቃው በመዝገብ ይያዛል፤ ውኃ ሲቋረጥ ምድጃው በራሱ እንዲቆም ተደርጎ ይገናኛል። የሚያስፈልገው ከመሣሪያው ይልቅ ልማድ ነው።

የተያዘው አቧራ የት ሄደ?

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። አቧራው ታጠበ እንጂ አልጠፋም። ከአየር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ገብቷል። የሚቀጥለው ጥያቄ ያ ውኃ ወዴት ይፈስሳል የሚለው ነው።

የለንደን ከተማ ይህን ትምህርት ቀድማ አግኝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሥራ የጀመረው የባተርሲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በከተማ መሀል በመሆኑ ጭሱ በውኃ እንዲታጠብ ተደረገ። ውኃው ከቴምዝ ወንዝ ይሳባል፤ አጥቦ ወደ ቴምዝ ይመለሳል። ከዚህም ሌላ በውኃ የቀዘቀዘው ጭስ እንደ ትኩስ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ትቶ ወደ አካባቢው ይወርድ ነበር። ለጎረቤት የታሰበው መፍትሔ ከፊሉን ችግር ለወንዙ፣ ከፊሉን መልሶ ለጎረቤት ሰጠ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በከተማችን ምዕራባዊ ክፍል ያሉ ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ። በወንዙ የታችኛው ተፋሰስ ደግሞ ጎመን፣ ሰላጣና ሌላ አትክልት በመስኖ ይለማል። ይህ አትክልት ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። የብረታ ብረት አቧራ የታጠበበት ውኃ ሳይጣራ ወደ ቦይ ቢለቀቅ፣ በአፍንጫችን እንዳይገባ የከለከልነው ነገር በማዕዳችን በኩል ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ማጠቢያ ያለው ተቋም ሁሉ ውኃውን የሚያረጋበት ገንዳ ሊኖረው ይገባል። ጭቃው ተለይቶ በአግባቡ ይወገዳል፤ የጠራው ውኃ ተመልሶ ይረጫል። የከተማ አስተዳደሩ የወንዝ ዳርቻዎችን ለማልማት ብዙ ገንዘብና ጉልበት እያፈሰሰ ባለበት በዚህ ወቅት፣ የአየርና የውኃ ብክለትን ለየብቻ መቆጣጠር ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። የጭስ ማውጫውን የሚመረምር ባለሙያ ቦዩንም ጎንበስ ብሎ ማየት ይኖርበታል።

ውኃ የማይስማማው አቧራ

ውኃ ለሁሉም አቧራ መድኃኒት አይደለም። ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው እንደሚደድር ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ምክንያት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ዋና ማጣሪያቸው ደረቅ ነው፤ ትልልቅ የጨርቅ ከረጢቶች ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ብናኝን የሚስቡ ሳህኖች ይጠቀማሉ። የተያዘው አቧራም ተመልሶ ሲሚንቶ ይሆናልና ለባለቤቱ ትርፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ የተመረቀውን የለሚ ፋብሪካ ጨምሮ የአገራችን የሲሚንቶ ምርት እያደገ ነው። ምርቱ ባደገ ቁጥር የማጣሪያዎቹ ጥገና የሠራተኛውና የአካባቢው ነዋሪ የጤና ጉዳይ ይሆናል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ፣ በድሬዳዋ በሚገኝ የሲሚንቶ ፋብሪካ በተካሄደ ጥናት ሠራተኞች በሥራ ላይ ሳሉ የሚስቡት አቧራ ተለክቶ ነበር። በድንጋይ መፍጫው ክፍል በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 38.6 ሚሊ ግራም፣ በማሸጊያው ክፍል 18.5 ሚሊ ግራም፣ በጥበቃ ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ 0.4 ሚሊ ግራም ተገኘ። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚስቡት አቧራ ግን ወደ መቶ እጥፍ ይለያያል። የአቧራ ጉዳት ለሁሉም እኩል አይደርስም። ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው የሁሉንም ድርሻ ይሸከማል። ለዚህም ነው አቧራ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን ከሚነሣበት ቦታ ላይ መያዝ ያለበት።

በአቧራ መሀል የምትሠሩ ከሆነ

የሚከተሉትን ምክሮች ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ድንጋይ፣ ሴራሚክ ወይም ኮንክሪት ስትቆርጡ መቁረጫው ምላስ ላይ ያለማቋረጥ ውኃ ይፍሰስ። የውኃ ቧንቧ ያለው መቁረጫ ከሌለ ሌላ ሰው በመርጫ ውኃ እየረጨ ሊያግዛችሁ ይችላል፤ ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ውኃ እንዲነካው ተደርጎ የተሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ውኃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ከአቧራው ፈጥነው ይገድላሉ።

ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፤ የእናቶቻችንን ልማድ አስታውሱ። የሥራ ልብሳችሁንም በኮምፕሬሰር አየር አታራግፉ። የሥራ ልብሱን ለብሳችሁ ወደ ቤት አትግቡ፤ አቧራው ልጆቻችሁን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በነጠላ፣ በፎጣ ወይም በሕክምና ማስክ አፍን መሸፈን ረቂቁን አቧራ አያስቀርም። ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ማስክ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ፊት ላይ በደንብ ከተጣበቀ ብቻ ነው። ጢም ካለ አየሩ በጎን ይገባል። የወፍጮና የዳቦ ሠራተኞች ዱቄት ከከፍታ ላይ ባለመድፋትና የማሽኑን ክዳን በመዝጋት ብዙ አቧራ መቀነስ ይችላሉ።

በብዙ የሥራ ቦታዎች «ወተት አቧራውን ያጥበዋል» የሚል እምነት አለ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባ ውስጥ አይገባም፣ አቧራም አያጥብም። አሠሪያችሁ ወተት ሲሰጣችሁ ተቀበሉ፤ በማጣሪያና በማስክ ምትክ ግን አትቀበሉት።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግ። በሥራ ቀናት የሚብስ፣ በእረፍት ቀን የሚሻል የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ሲር ሲር ማለት ካለ ከሥራ ጋር የተያያዘ አስም ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የማያደክማችሁ ዳገት ማስተንፈስ ከጀመረም ችላ አትበሉት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሥራችሁ ምን እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሠራችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ። «ሳል አለብኝ» ማለትና «ስምንት ዓመት ግራናይት ስቆርጥ ኖሬ ሳል ያዘኝ» ማለት ለሐኪሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ አቧራና ሲጋራ ተደጋግፈው እንደሚጎዱ እወቁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ እንደ ሥራው ባሕርይ በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ ማስክና ምርመራ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ጎረቤት ከሆናችሁ

ከአጥራችሁ ማዶ አቧራ የሚለቅ ተቋም ካለ መጀመሪያ ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ባለቤቱ መርጫው መደፈኑን ላያውቅ ይችላል። የምትጠይቁት ግን «ማጣሪያ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ አይሁን፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለን» ነው። ይልቁንም እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁ፦ ውኃ ወይም መብራት ሲቋረጥ ምድጃው ወይም ማሽኑ አብሮ ይቆማል? የውኃው ግፊትና መጠን በየቀኑ ይመዘገባል? መርጫዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ የጸዱት መቼ ነው? የቆሸሸው ውኃና ጭቃው የት ይሄዳል? ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው፣ ያን ጊዜስ ተቋሙ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነበር? ለእነዚህ መልስ ያለው ባለቤት ማጣሪያው ይሠራል። መልስ የሌለው ደግሞ ምን እንደጎደለው ከጥያቄው ይረዳል።

ንግግር ካልፈታው ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ለማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለፌዴራል ወይም ለክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። ይህ ድንጋጌ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ግን ጥቅሙን አላገኘበትም። በልደታ የሚኖር ሰው አቤቱታውን በወረዳውና በክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ጀምሮ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል።

አቤቱታ ስትጽፉ ዝርዝር ይኑረው። «አቧራ አስቸገረን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያለው ደብዳቤ ይሰማል። አቧራው የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ነፋሱ ከየት ወዴት ይነፍስ እንደነበር፣ ቀለሙን፣ በዚያ ሰዓት መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ጻፉ። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። ጎረቤቶቻችሁ አብረው ይፈርሙ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን በቀሪው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ማስደረጋችሁን አትርሱ፤ 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ፋብሪካና ሥራ ቤት ይዘጋ ማለታችን አይደለም። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በዚያ ውስጥ ነው። እንጀራው ግን ከሳንባ ጋር መለዋወጫ መሆን የለበትም። የተዘጋ ቀዳዳ መክፈት፣ የውኃ መለኪያ ማንበብና ማራገቢያን ማጽዳት ሠራተኛን ለዓመታት ከማሳከምና በእርሱ ምትክ አዲስ ከማሠልጠን እጅግ ይረክሳል። እናቶቻችን ውኃ ረጭተው የሚጠርጉት አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ በየማለዳው ነው። የፋብሪካውም ማጠቢያ የሚጠብቀን በየዕለቱ ሲሠራ ነው።